ዓይኔን መልስልኝ

ፎቶ ማንሣት የተማርሁት ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ወገኖቹ ተሸንፈው ከአገር ሲወጡ እሱ የአገር ልጅ አግብቶ ጎንደር ቀረ። አማርኛው ስድብ ብቻ ስለ ነበር እኔም ሙያውን በስድብ ተማርሁት፤ ፊልም ባበላሸሁ ቁጥር ያልተሰደበ ዘመድ አልነበረኝም። ነፍሱን ይማረውና ሲሞት ካሜራውን ለእኔ ተወልኝ፤ እኔም ፒያሳ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ቤት ከፈትሁ።

ደንበኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ወታደሩም፣ ገበሬውም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውም፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ዓይናቸው ፍጥጥ ብለው ካሜራውን ያዩታል። «እስቲ ትንሽ ዘወር በሉ» ብል ማን ሰምቶኝ! አንዲት የጠጅ ቤት እመቤት፣ «ምነው፣ ጆሮዬን ልታነሣው ነው?» ብላ ተቆጥታ ልትወጣ ነበር። ስለዚህ ተውሁት። ለምን እንዲያ እንደሚያፈጡ ግን ጠይቄ አላውቅም። ጎንደር ተወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር አድጌ ይኼን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የጋዜጣ አዘጋጅ ወደ ቤቴ ገባ። ክራባት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። መስኮቴ ላይ የለጠፍኋቸውን ፎቶዎች አየና ሳቀ።

«እነዚህ ሰዎች ምን አጥፍተው ነው? ዳኛ ፊት የቆሙ ይመስላሉ እኮ!»

ደሜ ፈላ። ግን ሰውየው ሥራ ይዞልኝ ስለ መጣ ንዴቴን ዋጥ አደረግሁት። ጋዜጣው የጣናን ደሴቶች ኑሮ ለአገሩ ሰው በፎቶግራፍ ማሳየት ይፈልጋል፤ ታንኳው እንዴት እንደሚታሰር፣ ዓሣው እንዴት እንደሚጠመድ፣ ሰዉ ምን በልቶ ምን ለብሶ እንደሚኖር። «ሥራቸው ላይ እያሉ፣ ሳያውቁህ ነው የምታነሣቸው» አለኝ። «ካሜራውን የሚያይ አንድ ሰው እንዳታመጣብኝ። ተፈጥሮ ነው የምፈልገው፣ ተፈጥሮ!»

ተፈጥሮ ያድርግህ አልሁት በሆዴ፤ በአፌ ግን እሺ አልሁ።

ጎርጎራ ድረስ በጭነት ማኪና፣ እህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድሁ። አዘዞን ሳልፍ የማውቀውንም የማላውቀውንም ሰው እጄን እያውለበለብሁ ስሰናበት ጀግና ነበርሁ። ጎርጎራ ወርጄ ሐይቁን ሳየው ግን ጀግንነቴ እዚያው ማኪናው ላይ ቀረ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ውኃ የማውቀው በእንስራ ነው። ከዚያ ደግሞ የምሻገርበትን አሳዩኝ። ታንኳ ማለት የደረቀ ደንገል፣ ሐይቅ ዳር የሚበቅል ቄጤማ ነው፤ ቆርጠው፣ አስረው፣ ጠፍረው ውኃ ላይ ይጥሉታል። ጠርዝ የለው፣ መቀመጫ የለው። ውኃው ከታች ገብቶ በተቀመጥህበት ይወጣል።

«ይኼ ነው የሚያሻግረኝ?» አልሁ።

«ቀልደኛ ነህ» አለኝ ባለ ታንኳው። «የሚያሻግርህ እግዜር ነው። ይኼማ መቀመጫ ነው።»

በኋላ ነገሬን ሁሉ ያመጣብኝ ይኼ ሰው ነው። ከምሄድባት ደሴት ሰዎች ሁሉ እሱን የሚያህል ታንኳ አሳሪ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ «አያ» ነው የሚለው፤ እኔም አያ አልሁት። ለዕድሜው ብዬ አንቱ ስለው ግን ግራ ቀኙን አየና፣ «ምነው፣ ስንት ሆኜ ታየሁህ?» ብሎ ከለከለኝ።

ታንኳዋ ላይ ከእሱ በስተ ግራ፣ ትንሽ ፈንጠር ብላ ልጁ ተቀምጣለች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከአባቷ ጎን ተለይታ አታውቅም፤ ሲቀዝፍም፣ ዓሣ ሲያጠምድም፣ ደንገል ሲቆርጥም አብራው ናት። ሸጋ ልጅ ናት፣ ምላሷ ግን ምላጭ! እኔ ሁለት እጄን ደንገሉ ውስጥ ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ስደጋግም አየችኝና፣

«ፎቶ አንሺው፣ ታንኳችንን አትቆንጥጣት፤ ታለቅሳለች» አለችኝ።

አባትዬው እስኪያስለው ሳቀ። ታንኳዋም አብራው ሳቀች፤ ማለቴ ተንቀጠቀጠች፤ እኔም «ወይኔ እናቴ!» ብዬ ጮኽሁ። እስክንደርስ ድረስ ሲስቁብኝ ነበር። በመሐል አያ እያንዳንዱን ነገር ነገረኝ። ልጅቱ ታጭታለች፤ ሠርጓ ጥር ላይ ነው። እጮኛዋ ከወዲያ ዳር፣ ጎርጎራ አጠገብ ባለች ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ የአንድ መሪጌታ ልጅ ነው። መሪጌታ በቅኔም በሥዕልም የታወቁ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ የሣሉት እሳቸው ናቸው። «ከእንዲያ ያለ ቤት መጋባት ለእኔ ቢጤ ዓሣ አስጋሪ ትልቅ ነገር ነው» አለ አያ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። ልጅቱ አንገቷን ሰበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሷ ጠፋባት።

ደሴቲቱ ላይ የገጠመኝን ለጠላቴም አልመኝለትም። አዘጋጁ ያለኝን ላደርግ፣ መረብ የሚያስተካክል ሰው አይቼ ካሜራዬን ሳወጣ ሰውየው መረቡን ጥሎ እቤቱ ገባ። ፈራኝ ብዬ ሳዝን፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ መቋሚያ ይዞ፣ ፊቱን ታጥቦ መጣና ተገተረልኝ። «አይ፣ መረቡን ይዘህ ነው የምፈልግህ» ብለው፣ «ሞኝ አደረግኸኝ? የዓሣ መረብ ይዤ ለዘለዓለም ልታይ?» አለኝ። ጌሾ የምትለቅም ሴት ቅርጫቷን ከኋላዋ ደበቀች። አንዱ ጎረምሳ የጎረቤቱን ኮት ተውሶ መጣ፤ ኮቱ ሲያምር የጎረቤትየው ወንድም ለበሰው፤ ከዚያ ሦስተኛ ሰው ለበሰው። ኮቱን ያነሣሁትን ያህል ማንንም አላነሣሁም። ሁሉም ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው! ደሴት ድረስ ተሻግሬ፣ በውኃ ፍርሃት ነፍሴ ወጥታ ተመልሳ፣ ያገኘሁት የፒያሳ መስኮቴን ነው።

አያ ብቻ ነበር ግድ የሌለው። ስመለስ ታንኳዋ ላይ ሆኖ ይቀዝፋል፤ የእኔን ጣጣ ረስቶታል። ነፋስ ተነሥቶ ስለ ነበር ሐይቁን አሻግሮ ያያል፤ ዓይኑ ጠበብ፣ አፉ ከፈት ብሏል፣ እጁ መቅዘፊያው ላይ ነው። ከልጁ አጠገብ ነበር የተቀመጥሁት። ፍርሃቴን እንዴት እንደ ረሳሁት አላውቅም፤ ካሜራዬን አነሣሁና ቀጭ! አደረግሁት። ልጅቱ ብቻ አየችኝ።

ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ሳጥበው ለብቻዬ እልል አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንሥቼ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላነሣሁም። የጉንጩ መስመር፣ የአንገቱ ሥር፣ ወደ ሩቅ የምታይ ያች ዓይን! ያ ጣሊያን ቢኖር ኖሮ በደስታ ይሰድበኝ ነበር።

ጋዜጣው ሲወጣ አያ ግማሽ ገጽ ሞልቶ መጣ። እኔ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። አንዱን መስኮቴ ላይ ለጠፍሁት፣ አንዱን ለጎርጎራው ማኪና ነጂ ሰጥቼ፣ «ይኼን ለአያ አድርስልኝ፤ ደስ ይበለው» አልሁት። ነጂውም የአደራ ሰው ነው፤ አደረሰ። ከማድረሱ በፊት ግን ለገበያው ሰው ሁሉ አሳየው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ መስከረምም እየጠባ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አያ ሱቄ በር ላይ ድቅን አለ። እንዴት ዋልህ የለ፣ ጤና ይስጥልኝ የለ።

«ሁለተኛ ዓይኔን መልስልኝ!» አለኝ።

«ምን?»

«ዓይኔን ነዋ! አንዱን ትተህ አንዱን ወስደህብኛል። መልስ!»

ጋዜጣውን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። እኔ ሳቄ መጣ። ሙያዬንም ላስረዳው ብዬ ጎኔን ሰጥቼው ቆምሁ።

«እየኝ እስቲ አያ፣ እንዲህ ስሆን ስንት ዓይን ይታይሃል?»

«አንድ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አንተን ዞሬ አይሃለሁ! ጋዜጣውንም ዞሬ አይቸዋለሁ፤ ከጀርባው ያለ የሳሙና ማስታወቂያ ነው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ወንበር ሰጠሁት። ሲቀመጥ ግን ትከሻው ወደቀ፤ ነገሩን በቀስታ ነገረኝ፤ እኔም የዚያን ጊዜ ነው የባነንሁት። በእኛ አገር ሥዕል ጻድቁ፣ መልአኩ፣ ሰማዕቱ ፊቱን ይሰጥሃል፤ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የሰቀሉት ጭፍሮች ግን በጎናቸው ነው የሚሣሉ፤ ያላቸው አንድ ዓይን ነው። ይኼን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዳሴ ሲረዝምበት እነሱኑ ሲቆጥር ያደገ ነው። እኔም ቆጥሬያቸዋለሁ! ደንበኞቼ ሁሉ ሌንሱ ላይ የሚያፈጡት ለካ ከጻድቃን ወገን ለመቆም ኖሯል። እኔ ግን ደሴት ድረስ ሄጄ ደጉን ሰው ከነ ይሁዳ ጋር አሰልፌ በጋዜጣ አወጣሁት።

«ገበያው ሁሉ አየኝ» አለ አያ። «ለመሪጌታም፣ ‹አማችዎን አየናቸው፤ ከግድግዳዎ ላይ የወረዱ ይመስላሉ› አሏቸው። መሪጌታ ነገሩ እስኪጣራ ሠርጉ ይቆይ ብለዋል። ይቆይ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንተም ታውቃለህ።»

«እሷስ?»

«ምን ትላለች? ዝም ነው። ስንቀዝፍ ወዲያ ዳር ዳሩን ታያለች። ወዳዋለች እኮ ልጁን! እናቷ ስትሞት አደራ ያለችኝ ይችን ልጅ በወግ እንድድራት ነው። የኔስ ዓይን ይቅር፣ ለእሷ ነው የመጣሁ።»

ይኼን ሲል ሁለቱም ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። አዘጋጁን ከነክራባቱ ረገምሁት። ከዚያ ተነሣሁና፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሠርጉ በጥር ይሆናል ብዬ ማልሁለት።

መማል ቀላል ነው። መጀመሪያ የታየኝ ብልሃት የጎደለውን ዓይን መጨመር ነበር። ፎቶውን እንደ ገና አተምሁና በቀጭን ብሩሽ፣ ጆሮው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንድ ሸጋ ዓይን ከነቅንድቡ ሣልሁለት። ትንሽ ራቅ ብዬ አየሁት። አያም አየው።

«አሁንስ ዓሣ መሰልሁ» አለ።

ከዚያ ሳቅ ያዘን። ከቁጣውና ከእንባው በኋላ፣ ሁለታችንም ጠረጴዛውን ተደግፈን፣ ጎረቤት ምን ሆናችሁ እስኪለን ድረስ ሳቅን። ሲበቃን ፎቶዎቹን፣ ፊልሙንና ካሜራዬን በቦርሳዬ ያዝሁና አብረን ጎርጎራ ወረድን።

መሪጌታን ያገኘናቸው መሰላል ላይ ነው። የሰሜኑን ግድግዳ እየሣሉ ነበር፤ ጌታ በጌቴሴማኒ ሲያዝ። ጭፍሮቹ በተራ ተደርድረዋል፤ ሁሉም በጎናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይና። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፤ ጣታቸው በቀለም ተዥጎርጉሯል። ከመሰላሉ ሳይወርዱ ቁልቁል አዩኝ።

«የጋዜጣው ሠዓሊ አንተ ነህ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ መሪጌታ። ያየሁትን ነው ያነሣሁ። ሰው በጎኑ ሲታይ ያለው አንድ ዓይን ነው፤ በጎኑ ስለ ተነሣ ኃጥእ አይሆንም። አያ ደግ ሰው ነው።»

«ደግነቱ ጠፍቶኝ ነው ልጁን ለልጄ የጠየቅሁ?» አሉ። «እኔ አውቀዋለሁ። ይኼ ሕዝብ ግን ፊደል የለውም፤ የሚያነበው የእኔን ግድግዳ ነው። ባለ ሁለት ዓይን ጻድቅ፣ ባለ አንድ ዓይን ኃጥእ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ዛሬ የራሴ አማች ባንድ ዓይኑ ሲወጣ ግድ የለም ብል፣ ነገ ይሁዳም ግድ የለም ይሉኛል። ግድግዳዬ ውሸታም ይሁን?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ያን ዓይን የጨመርሁበትን ፎቶ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። መሪጌታ ወርደው ተቀበሉኝ፣ አዩት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ሁሉ ቁጣ የት ገባ? ብሩሻቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ኧረ በማርያም! ጆሮው ላይ! ዓይኑን ጆሮው ላይ!» እያሉ መሰላሉን አቅፈው ሳቁ። የሳቁትን ያህል ሲቆጡ ባየሁ ይሻለኝ ነበር፤ የእጅ ሥራዬ እኮ ነው።

ሳቁ ግን በጀን። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቅጽሩ ውስጥ ዋርካ ሥር ተቀመጡና ነገሩን ጨረሱት። አያና መሪጌታ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ፊታቸውን ሰጥተው ይነሣሉ፤ ያ ፎቶ ገበያ ላይ ለሁሉ ይታያል። የአንድ ዓይኑ ፎቶ ፊልም ግን ሰው ሁሉ እያየ ይቃጠላል፤ ዳግመኛ እንዳይታተም።

ይቃጠላል ሲሉ ልቤ ስንጥቅ አለ። ያች ፎቶ! እንደ ልጅ ነው የማያት። ቦርሳዬን ከፍቼ ስፈልግ እጄ ሌላ ፊልም ነካች። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ከነማዕረጉ ተኮፍሶ ተቀምጦ፣ ልክ ሳነሣው ያስነጠሰበት ፊልም ነው። ያንን አወጣሁና እሳት ላይ ጣልሁት። ቦግ ብሎ ነደደ። ሽማግሌዎቹ «እሰይ!» አሉ። እኔም አዘንሁ መስዬ አንገቴን ደፋሁ። መሪጌታ ግን እሳቱን ትተው እኔን ያዩኝ ነበር።

ከዚያ አማቾቹን አነሣኋቸው። አያ አዲስ ኩታ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን እንደ ብርሌ አፍጥጦ፣ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። እስካነሣው ድረስ ሊታፈን ነበር። ዓይኖቹ ሁለት ናቸው፤ ማንም ቢቆጥር ሁለት ናቸው። ገበያው አየ፣ ተደሰተ፣ ዝም አለ። ሠርጉ በጥር ሆነ። ሙሽሪት በአባቷ ታንኳ ተሻገረች፤ እኔም ተጠርቼ ሄድሁና ከሚዜዎቹ ጀምሮ እስከ ጠላ ቀጂዋ ሁሉንም ፊት ለፊት አነሣኋቸው። ለአዘጋጁ ስልክለት፣ «እንደ ገና ዳኛ ፊት ቆሙ?» ብሎ መለሰልኝ። አዎ፣ ቆሙ! አንተ ምን አገባህ አልሁ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ከጎርጎራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሱቄ በር ላይ ቆም እያለ እያየኝ ይስቃል። አንዱን ያዝሁና አፋጠጥሁት። «ሂድና እይ» አለኝ። ሄድሁ። የሰሜኑ ግድግዳ አልቋል። ጌታን ከሚይዙት ጭፍሮች መካከል፣ ከይሁዳ ጀርባ፣ አፍንጫው የኔ፣ ጎፈሬው የኔ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሣጥን ያንጠለጠለ አንድ ሰው ቆሟል። በጎኑ ነው። አንድ ዓይን ነው ያለው!

መሪጌታ ዘንድ እየጮኽሁ ገባሁ። «ምነው መሪጌታ! ምን በደልሁ? ክርስቲያን አይደለሁም?»

«ምን ያስጮኽሃል?» አሉኝ ረጋ ብለው። «ስታነሣ አንዱን ዓይንህን ትጨፍን የለም? እኔም ያየሁትን ነው የሣልሁ።»

የራሴን ቃል መለሱልኝ። ተናድጄ፣ ተቃጥዬ፣ ሳልሰናበት ወጣሁ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ምን ልታደርግ ትችላለህ? የማላውቀው ሕፃን ሁሉ ቅዳሴ ሲረዝምበት እኔን ሊቆጥር ነው። እናቴ ይኼን ብታይ ሁለተኛ ትሞት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እግሬን ወደዚያ አላነሣሁም።

በሁለተኛው ክረምት አያን ንዳድ ጣለው። ወሬው የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ሱቄን ዘግቼ ዋልሁ። የመስቀል ሰሞን መሪጌታ ብቻቸውን ሱቄ መጡ። ጎንደር ድረስ ሲመጡ አይቻቸው አላውቅም። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ለደንበኞቼ በምሰጠው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«ምራቴ እህል አልቀምስ አለች» አሉኝ። «ነፍሰ ጡር ናት። ያንን እኔና አባቷ አብረን የተነሣነውን አምጥተን ሰጠናት። አየችውና፣ ‹ይኼ ፊቱን ያሳመረ ሰው ነው እንጂ አባቴ አይደለም፤ አባቴ እኔን እንዲያ አፍጥጦ አይቶኝ አያውቅም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ሐይቁን ሲያይ ነው የማውቀው› ብላ መለሰችልን። ያንኛውን ነው የምትፈልግ። ባንድ ዓይኑ ያለውን።»

ሽማግሌ ፊት የተቃጠለ ፊልም ነው እኮ የሚጠይቁኝ።

«ተቃጥሏልኮ መሪጌታ» አልሁ።

«አልተቃጠለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ፊት ስሥል ነው የኖርሁ» አሉ። «ያን ዕለት እሳቱ ሲነድ ከንፈርህ ሊስቅ ነበር። ልጁን የሚቀብር ሰው እንዲያ አይሆንም። ለዚያ ነበር ግድግዳው ላይ ያኖርሁህ፤ ለፎቶው አይደለም። አሁን ግን ባላቃጠለው ብዬ ተስዬ ነው የመጣሁ። ካለ ስጠኝ።»

ጓዳ ገብቼ አወጣሁት። እሳቸው ፊት አተምሁት። አያ ከማጠቢያው ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ መጀመሪያ የአንገቱ ሥር፣ ከዚያ ጉንጩ፣ በመጨረሻ ያች ሩቅ የምታይ ዓይኑ፣ መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩት። «አንተ፣» አሉ፣ «ይኼ ሰው ነፋሱን ነው እኮ የሚያይ!» አልቅሰዋል፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ። ፎቶውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ አስገቡና ሄዱ። ልጅቱ የዚያኑ ቀን እህል ቀመሰች አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለጥምቀት ወደዚያ ወረድሁ። እሷ ወንድ ልጅ አቅፋ ቅጽሩ ውስጥ አገኘችኝና እጄን ይዛ፣ «ና፣ የሆንኸውን እይ» ብላ እየጎተተች ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ወሰደችኝ። ምላሷ ተመልሶላታል፤ ገና ሳልደርስ ትስቃለች። ቀና ብዬ አየሁ። እንደ ቀድሞው ከይሁዳ ጀርባ፣ በጎኔ ቆሜያለሁ፤ ሣጥኔም ደረቴ ላይ ነው። ግን መሪጌታ በአዲስ ቀለም አንድ ነገር ጨምረውልኛል።

ሁለተኛ ዓይን አለኝ። ጆሮዬ አጠገብ ናት፣ ከነቅንድቧ።